በአንድ ፈረስ ዐሥር ዶላር

አባታችን ናዝሬት ላይ ባለጋሪ ነበር። ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነበረው። እኔ ሳልወለድ ስለሞተ ቦራን የማውቀው በታላቅ ወንድሜ ወሬ ብቻ ነው፤ ወንድም ጋሼ ያን ፈረስ ሲያነሣ ድምፁ ይለሰልሳል። አባታችን ቦራን ለመግዛት ሦስት ቅዳሜ ገበያ ተመላልሷል ይላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጥርሱን አየ፤ በሁለተኛው ሰኮናውን እያነሣ መረመረ፤ በሦስተኛው ከደላላው ጋር ተጣልቶ ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ ተጠርቶ ተመለሰና ገዛው። ዋጋው አንድ ነበር። ሻጩ ከላይ ወረደ፣ ገዢው ከታች ወጣ፣ መሐል ላይ ተገናኙና እጅ ተማቱ።

ይህን የማነሣው ያው ወንድሜ በ58 ዓመቱ በአንድ ቀን 485 ፈረስ ሲገዛ አስተርጓሚው እኔ ስለነበርኩ ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2019፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 20 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እኔ ኑሮዬ ናይሮቢ ነው፤ እንጀራዬም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መመላለስ። ያን ዓመት ለጥቂት ወራት ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ነበር። እሱ አሜሪካ ከገባ 27 ዓመት ሆኖታል፤ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ፣ ቀጥሎ ባለታክሲ፣ ኋላም የአየር ማረፊያ አመላላሽ ሾፌር ሆኖ ሠርቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለራሱ የነዳው ሌላ ሰው የጠገበውን መኪና ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በየወሩ የሚልክልኝ 100 ዶላር መጽሐፌም፣ ጫማዬም፣ ወደ ቤት መሄጃዬም ነበር።

ስለዚህ «አዲስ መኪና ልገዛ ነው፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» ሲለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መኪናው ምን እንደሆነ ስሰማ ግን ሆዴ ቅር አለው። ዶጅ ቻርጀር ነው፤ ያውም ተራው ሳይሆን 6.4 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት፣ 485 የፈረስ ጉልበት ያለው። በመልኩ አራት በር ያለው የቤት አውቶሞቢል ነው፤ ከኋላ ሦስት ሰው ያስቀምጣል፣ ዕቃ መጫኛው ጤፍ ይችላል። ሲነሣ ግን ማርሚታው የሰፈር ውሻ ያስጮኻል። «ቻርጀር» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የጦር ፈረስ ማለት መሆኑን ስነግረው ሳቀና «እንግዲያስ የፈረስ ስም አውጪልኝ» አለኝ። እኔ በሆዴ የማስበው ናዝሬት ላይ ጣሪያ ሳይለብስ ስለቀረው ቤት ነበር።

እኔ በምኖርበት ናይሮቢ አብዛኛው ሰው የሚገዛው በጃፓን መንገድ ላይ ጥቂት ዓመታት የኖረ መኪና ነው። አዲስ አበባም ቢሆን የመኪና ዋጋ ወሬ ሲነሣ ወሬው የቀረጥ ነው። ፋብሪካ ለገዢው ገንዘብ ይመልሳል፣ የወለድ ቅናሽ ይሰጣል የሚለው ነገር ለእኔ እንግዳ ነበር። ወንድሜ ግን ወራት አጥንቶት ነበር፤ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ መነጽሩን አድርጎ በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ቁጥር ይጽፋል። እንዲህ ያሉ ፈጣን መኪኖች በበጋ ሳይሆን በክረምት መግቢያ እንደሚረክሱ፣ የወሩ የመጨረሻ ቀን ሻጮች የወር ኮታቸውን ለመሙላት የሚጣደፉበት እንደሆነ፣ የዓመቱ ሞዴል ሲያልፍ በመሸጫው ግቢ የቀረው መኪና ባለቤቱን በየቀኑ ወለድ እንደሚያስከፍለው ያውቃል። ቀኑን የመረጠው እሱ ነው።

መሸጫው ግቢ ስንደርስ መጀመሪያ ያሳየኝ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት አሜሪካኖች በአንድ ሴናተር ስም ይጠሩታል። የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ባቀረቡት በ1958ቱ ሕግ መሠረት አዲስ መኪና ሁሉ ፋብሪካው የሚጠቁመውን የችርቻሮ ዋጋ፣ የተጨማሪ ዕቃዎቹን ዋጋና የማጓጓዣውን ወጪ በመስኮቱ ላይ ለጥፎ መቅረብ አለበት፤ ወረቀቱንም መኪናው ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት ማንሣት ወንጀል ነው። ሕጉ ሳይወጣ አንድ መኪና ለአንዱ በዚህ፣ ለሌላው በዚያ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ወረቀቱን እንደ ሥራዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መኪናው የተገጣጠመው ካናዳ ውስጥ ብራምፕተን፣ ኦንታሪዮ ነው፤ ሞተሩ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። ከታች 42,980 ዶላር ይላል።

«ይህ ዋጋ ነው?» አልኩት።

«ይህ ጥሪ ነው» አለኝ ወንድም ጋሼ።

ዋጋውን ፍለጋ ስንጀምር ከወረቀቱ ሥር ሌላ ወረቀት፣ ከዚያም ሥር ሌላ እንዳለ አየሁ። ሻጩ፣ ትሑት ወጣት፣ «እኛ ከፋብሪካ የገዛንበት» የሚለውን ፋክቱር አውጥቶ አሳየን። ወንድሜ ደብተሩን ገልጦ፣ ፋብሪካው መኪናው ከተሸጠ በኋላ ከጠቅላላው ዋጋ 2 ወይም 3 ከመቶ ያህሉን ለመሸጫው መልሶ እንደሚሰጥ፣ ስለዚህም ፋክቱሩ እውነተኛ መነሻ እንዳልሆነ በእኔ በኩል ነገረው። ልጁ ፈገግ አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራክረው 1,900 ዶላር ቀነሰ። እኔ እስከዚህ ድረስ ኮርቼ ነበር፤ የባለጋሪው ልጅ የአባቱን ሥራ እየሠራ ነው። ቡና ቀረበልን፤ የነቢያት ጾም ስለነበር ከብስኩቱ አልነካንም።

ከዚያ የፋብሪካው ስጦታ መጣ። ዶጅ በዚያ ወር ያወጣው ማስታወቂያ ለአንድ የፈረስ ጉልበት 10 ዶላር እመልሳለሁ የሚል ነበር። ውድ አንባቢ፣ ቀልድ አይደለም፤ ጉልበቱ የበዛ መኪና የሚገዛ ሰው ቅናሹም ይበዛለታል። 485 ፈረስ፣ 4,850 ዶላር። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ምን እንዳሰበ ፊቱ ላይ አየሁት፤ ቦራ ዐሥር ዶላር ቢወጣለት ብሎ ነው።

እዚህ ላይ የሙያ ችግር ገጠመኝ። ሻጩ ይህን ገንዘብ የሚጠራበት ቃል በመዝገበ ቃላት «ማበረታቻ» ነው። ማበረታቻ ግን በእኛ አፍ ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ደብተር ነው፤ ያገኘው ሰው አንድ ነገር ሠርቶ ነው። «ማትጊያ» ብል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ይሸታል። «መደለያ» ብል ሻጩን መስደብ ይሆናል፤ በትርጉም ደረጃ ግን ከሁሉ የቀረበው እሱ ይመስለኛል። ጊዜ አልነበረኝምና «ማበረታቻ» ብዬ አለፍኩ።

ታሪኩን ኋላ ሳነብ እንዳየሁት፣ ይህን ልማድ በአሜሪካ ካስፋፉት ዋነኛው ራሱ የዶጅ ባለቤት የነበረው የክራይስለር ኩባንያ ነው። በነዳጁ ቀውስ ማግስት፣ በጃንዋሪ 1975፣ ያልተሸጠ መኪና ግቢውን ሲያጣብበው የቀድሞውን የቤዝቦል ተጫዋች ጆ ጋራጆላን በቴሌቪዥን አቅርቦ፣ መኪና ለገዛ ቼክ እሰጣለሁ አለ። ሌሎቹ ተከተሉት። በ2001 ደግሞ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ያለ ወለድ ብድር ብሎ ገበያውን አንቀሳቀሰ። ፋብሪካው የመስኮቱን ዋጋ በይፋ ከመቀነስ ይልቅ ገንዘብ መመለስን የሚመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዋጋ አንዴ ከወረደ መልሶ መስቀል ያሳፍራል፣ ስጦታ ግን በሚቀጥለው ወር ሊቀር ይችላል። ብዙ ጊዜም ገዢው ከጥሬ ገንዘቡና ከዝቅተኛው ወለድ አንዱን እንዲመርጥ ይደረጋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አያገኝም።

ታክሱ፣ መሸጫው ወረቀት ማስኬጃ የሚለው ክፍያና ሰሌዳው ተደምሮ፣ አሮጌው ካምሪና የወንድሜ ቅድሚያ ክፍያ ተቀንሶ 30,000 ዶላር ብድር ቀረ። በወንድሜ ኮት ኪስ ውስጥ ከአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ያወጣው ደብዳቤ ነበር፤ ይህን ገንዘብ በ4.9 ከመቶ ወለድ ለ60 ወር እናበድርሃለን የሚል። ደብዳቤው መኖሩን አውቃለሁ። ጠዋት ኪሱ ውስጥ ያጣጠፍኩለት እኔ ነኝ።

ወደ ሌላ ክፍል አስገቡን። ትንሽ ክፍል ናት፤ መስኮት የላትም። የፋይናንስ ኃላፊው ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ጨዋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ስለ ዋጋ አንድ ቃል አልተነፈሰም። «በወር ስንት ብትከፍል ይመችሃል?» አለ። እኔ ተረጎምኩ። ወንድሜ «ከ550 ባይበልጥ» አለ። ተረጎምኩ። ደብዳቤውን አወጣ። ኃላፊው አየት አደረገውና፣ በዚህ ከሄዳችሁ በወር 565 ይመጣል፣ ገንዘቡም እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል፣ የፈረሱ ቅናሽ ያን ጊዜ ስለመኖሩ ዋስትና ልሰጣችሁ አልችልም፤ በእኛ በኩል ከሆነ ግን 525 ነው፣ መኪናውን ዛሬ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ አለ። ተረጎምኩ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረው። ከ525 አጠገብ በትናንሽ ፊደላት 72 ወር፣ 7.9 ከመቶ ይላል።

አየሁት። ውድ አንባቢ፣ ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው፦ አየሁት። ለዐሥራ አምስት ዓመት ያክል በስብሰባ አዳራሽና በፍርድ ቤት ሳስተረጉም ቁጥር አምልጦኝ አያውቅም። የአስተርጓሚ ደንብ የታወቀ ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አይመክርም። «ሰባ ሁለት ወር፣ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ከመቶ» ብዬ በጥሩ አማርኛ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ አነበብኩለት። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። የሚጠብቀው አስተርጓሚ ሳይሆን እኅቱን ነበር። እኔ ወደ ወረቀቱ አቀረቀርኩ። ደንቡን ጋሻ አድርጌው ነው እንጂ ዝም ያልኩበት ምክንያት ጣሪያው ነው፤ በልቤ «ይክፈል፤ ለፈረስ የሚከፍል ሰው ይክፈል» ያለች አንዲት ክፉ ሴት ነበረች።

ወንድም ጋሼ 525 ከ565 እንደሚያንስ አየና ፈረመ።

ስንነሣ ኃላፊው እጃችንን ጨብጦ አንድ ነገር ጨመረ። «ብድሩን ወደ ሌላ ባንክ ማዛወር ብትፈልጉ መብታችሁ ነው፤ ግን እባካችሁ ቢያንስ አራት ወር እዚሁ ክፈሉ።» ይህንንም ተረጎምኩ። ወንድሜ «ደግ ሰው ነው» አለ። እኔም ስለ ብድር ነጥብ የተሰጠ ምክር መሰለኝ።

ማታ እሱ መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሞ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ፣ እኔ ደብተሩን አንሥቼ ሒሳቡን ሠራሁ። 30,000 ዶላር በ7.9 ከመቶ ለ72 ወር፦ በወር 524.53፣ በድምሩ 37,766። ያው 30,000 በ4.9 ከመቶ ለ60 ወር፦ በወር 564.76፣ በድምሩ 33,886። በወር 40 ዶላር የሚያንሰው ክፍያ በመጨረሻው 3,880 ዶላር ይበልጣል። ፈረሶቹ ካስገቡት 4,850 ውስጥ 388ቱ ፈረሶች በጓሮ በር ወጥተዋል ማለት ነው።

የአራቱ ወር ነገር የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። መሸጫው አበዳሪ አይደለም፤ አገናኝ ነው። ባንኩ ለገዢው የሚቆርጠው ወለድ አንድ ነው፣ መሸጫው ለገዢው የሚነግረው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ከልዩነቱ ላይ መሸጫው ድርሻ ያገኛል። ገዢው ብድሩን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ከፍሎ ከዘጋው ወይም ካዛወረው ባንኩ ያን ድርሻ ከመሸጫው መልሶ ይወስዳል። ደጉ ሰው የለመነን ስለ ራሱ ነበር። ሌላም ማበረታቻ በክፍሉ ውስጥ ኖሯል፤ የእኛ በማስታወቂያ ተለጥፏል፣ የእሱ አልተለጠፈም። በሶማሌ የከብት ገበያ ደላሎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት እንደሚደራደሩ የዚህ አካባቢ አንባቢ ያውቃል። ሌላው ሰው አያይም፣ በጨርቁ ሥር ያሉት ሁለቱ እጆች ግን ሁለቱም ዋጋውን ያውቁታል። እዚህ ከጨርቁ ሥር የነበረው አንድ እጅ ነው።

በነጋታው ጽዮን ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በዚያው መኪና ውስጥ ነገርኩት። ሒሳቡን ብቻ ሳይሆን ማየቴንም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ነዳ። ያ ሁሉ ጉልበት ያለው መኪና በሰዓት 40 ማይል ሲሄድ እንዴት ጸጥ እንደሚል ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«ለምን ዝም አልሽ ሚጣዬ?»

«ተርጓሚ ነበርኩ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔ ተርጓሚ አልቀጠርኩም» አለ።

የጣሪያውን ነገር ያን ጊዜ አወጣሁት። መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ከዚያ ያላወቅሁትን ነገረኝ፤ ለጣሪያው የላከው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሌላ ነገር ላይ ውሏል፣ አንዱ ለእኔ የማስተርስ ትምህርት ነው። እናታችን እንዳይነግረኝ አስምላው ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መኪናውን እንመልስ ይሆን ብዬ ጠይቄ ነበር። አይመለስም። በአሜሪካ ቤት ለቤት የሚዞር ሻጭ የሸጠውን ዕቃ በሦስት ቀን ውስጥ ውል አፍርሶ መመለስ የሚያስችለው የፌዴራል ደንብ በመሸጫ ግቢ የተገዛ መኪናን አይጨምርም፤ ብዙ ሰው ግን ይጨምራል ብሎ ያምናል። ብድሩን ማዛወር ግን ይቻላል። ውሉን እንደገና፣ አሁን እንደ እኅት አነበብኩት፤ ቀድሞ ለከፈለ ቅጣት የለበትም። ሰኞ ጠዋት አብረን ወደ ብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ሄድን። ወንድሜ አራቱን ወር ልጠብቅለት ይሆን ብሎ ትንሽ አመንትቶ ነበር፤ ቃል የሰጠ መስሎት። ቃል የሰጠሁት እኔ በትርጉም ነው፣ አንተ አይደለህም አልኩት። የመጀመሪያው ክፍያ ቀን ሳይደርስ ብድሩ ተዛወረ።

ፍርዴ ሁሉ ልክ እንዳልነበረ ደግሞ 2021 አስተማረኝ። ያን ዓመት የኤሌክትሮኒክ ቺፕ እጥረት ፋብሪካዎችን ሲያቆም ያ ሁሉ ስጦታ ከገበያው ጠፋ፤ መሸጫዎች በመስኮቱ ዋጋ ላይ «የገበያ ማስተካከያ» የሚል ሌላ ወረቀት ለጥፈው ሺዎች ይጨምሩ ጀመር፣ ያገለገለ መኪናም ዋጋው ሰማይ ወጣ። ወንድም ጋሼ ናይሮቢ ደውሎ ሳቀብኝ። አንድ ሰው ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሞ ሊገዛው ለምኖት፣ አልሸጥም ብሎታል። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ብራምፕተን ውስጥ የዚያ ዓይነት ቻርጀር መሠራቱ አበቃ። ያወጣሁለት የፈረስ ስም «አባ ወለዱ» ነበር፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ቦራ ነው የሚለው፣ ከጎማ እስከ ጣሪያው ጥቁር ሆኖ ሳለ።

በቅርቡ እዚያው አሜሪካ ላሉ አማርኛ አንባቢዎች የሚታደል፣ ስለ መኪና ግዢና ብድር የሚያስረዳ አነስተኛ ጽሑፍ እንድተረጉም ተላከልኝ። በሁለተኛው ገጽ ያ ቃል ተቀምጧል። «ለገዢው በይፋ፣ ለሻጩም ገዢው ሳያውቅ ሊሰጥ የሚችል ገንዘብ» ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጆቹ መልሰው ላኩልኝ፤ ሠንጠረዡ ውስጥ አልገባም አሉ፣ ለምን በአጭሩ «ማበረታቻ» አትይውም? ሠንጠረዡን አስፍታችሁ አስገቡት ብዬ መለስኩላቸው።